ያዘገየሁት መርዶ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት 2 ሰዓት

ገላቸውን አጥቤ ጨረስኩ። ክኒን ሰጠሁ፣ የደም ግፊት ለካሁ፣ ሻይ አፈላሁ። ሚስተር ኤምሪስ ዛሬም እንደነቁ ያንኑ ጠየቁኝ፤ ፖስታ መጥቷል? ፖስተኛው ከሰዓት በኋላ እንደሚመጣ ያውቃሉ። ግን ይጠይቃሉ።

ስሚኝ ደብተሬ፣ ስለ ሰውዬው በደንብ ጽፌልሽ አላውቅም። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጆሯቸው ተጨማዶ እንደ ደረቀ ሊጥ ሆኗል፣ ራግቢ ነው እንዲህ ያደረገው፣ ኳስ አቅፈው የሚጋፉበት ጨዋታ። ሁለቱም ጉልበታቸው በቀዶ ጥገና ብረት ገብቶበታል። ዌልስ ተወልደው ለአገራቸው ተሰለፉ፣ አሥራ አምስት ሰው በሚጫወትበት ራግቢ። በእሱ ለመጫወት ገንዘብ መቀበል ያኔ ነውር ነበር። ከዚያ አባታቸው ታመሙ፣ ቤቱ ቸገረው። ወደ ሰሜን እንግሊዝ ሄደው አሥራ ሦስት ሰው የሚጫወትበትን፣ የሚከፈልበትን ያዙ። እዚያም ለአገራቸው ተሰለፉ። በሁለቱም የተሰለፈ ያኔ በጣት የሚቆጠር ነው ይላሉ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ይኮራሉ። ግን አንዴ የተከፈለው ሰው የድሮ ክለቡ እግሩን አያስገባም። ለገና አገራቸው ሲመለሱ ክለቡ በር ላይ ቆመው የከለከሏቸው ታናሽ ወንድማቸው ሪስ ናቸው፤ አምበሉ እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ስድሳ ዓመት! አሜሪካዊት አግብተው ወደዚህ አሜሪካ መጡ፣ ሚስታቸው ሞቱ፣ ይኸው አሌክሳንድሪያ ከተማ ከአስታማሚያቸው ከእኔ ጋር።

እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ባለፈው ወር እየነገሩኝ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። ለሪስ። የሚጠብቁት የሪስን መልስ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ከቀኑ 8 ሰዓት

ሚ/ር ኤ. ተኝተዋል። የቤቱ ስልክ ጮኸ፣ አነሳሁ። የሪስ ልጅ ነች፣ ከዌልስ። አባቷ ባለፈው ሳምንት አረፉ። ቁጥራችንን ደብዳቤው ላይ አገኘችው። ደጋግመው አንብበውታል፣ አልቅሰዋል፣ እሁድ እደውልለታለሁ ብለው ቅዳሜ ወደቁ። ቀብሩ ዓርብ ነው፣ በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት። በቪዲዮ ይተላለፋል። ከዚያ እዚያው ድሮ የከለከሏቸው ክለብ ይሰበሰባሉ፣ አጎቷ በስልክ ሁለት ቃል ቢናገሩልን አለች። ኦኬ፣ ኦኬ አልኩ።

እንዴት ልንገራቸው? ብቻቸውን? ልጃቸው ማርክ ለሥራ ሲያትል ነው፣ የሚመለሰው ዓርብ ማታ። እኔ የእናቴን ሞት ያየሁት ፌስቡክ ላይ ነው፣ ሆቴል አንሶላ እያጠፍኩ። ፎቶዋ ሥር ነፍስ ይማር ይላል። ያንን በሰው ላይ አላደርግም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖሩት ለጋሽ መኮንን ደወልኩ። የእኛ ሰው ዘመድ ሲሞትበት የሚያረዱት እሳቸው ናቸው፤ ሁሌ በንጋት፣ ሁሌ ሰው ሰብስበው። “አይሆንም ልጄ፣ በስልክ መርዶ የለም። ልጁ ይምጣና ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አብረን እንገባለን። ለልጁም አትንገሪው፣ ድራይቭ እያደረገ ቢሆንስ?” አሉኝ። ልክ ናቸው። ማርክን ቴክስት አደረግኩት፣ ዓርብ እንዳትቀር ብቻ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸ። የውጭ ቁጥር። አላነሳሁም። ድምፁን አጠፋሁት። ፖስታ መጥቷል? የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ብቻ።

ዓርብ፣ ኅዳር ሚካኤል። ጠዋት 3፡30

ይሄኔ እየቀበሩ ነው። ሚ/ር ኤ. እንቁላል እየበሉ። ዛሬ ምግብ ተስማምቷቸዋል። ሪስ በልጅነቱ ኳስ አቅፎ ወንዝ እንደገባ ነግረውኝ ሳቁ። አብሬ ሳቅኩ። የሚካኤል ያለህ፣ እንዴት ሳቅኩ። ስልኩ ብልጭ ይላል፣ ድምፅ የለውም። ጀርባዬን ሰጠሁት። ለእሳቸው ብዬ ነው። ለእሳቸው ብዬ ነው አይደል?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ጋሽ መኮንን በጨለማ የቤልትዌይን አውራ ጎዳና ይዘው መጡ፣ ጥቁር ካፖርት ለብሰው። ማርክን አስቀድመን ኩሽና ውስጥ ነገርነው። መቼ? አለ። ሳልመልስለት አባቱ ድምፅ ሰምተው ተጣሩ። ገባን። አልጋውን ከበብን። ጋሽ መኮንን በእንግሊዝኛቸው ቀስ ብለው አረዷቸው። እኔ ክንዳቸውን ይዣለሁ፣ እንዳይወድቁ።

አልወደቁም። አላለቀሱም። ቀብሩ መቼ ነው አሉ። ትናንት ነበር፣ አልኩ።

“ሞቶም አልፈለገኝም ማለት ነው” አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

እኔስ? ጠርተውዎት ነበር ሳልል ብርድ ልብሳቸውን አስተካከልኩ።

ከሰዓት

ማርክ ያልተነሱትን ጥሪዎች አገኛቸው። ሁሉንም ነገርኩት። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ለቀጠረሽ ኤጀንሲ አልናገርም፣ አንቺም ለአባቴ አትንገሪው፣ በዚህ ዕድሜው ይጎዳዋል አለ። ጋሽ መኮንንን እስከ መኪናቸው ሸኘሁ። ሰውዬው በስልክ ተናገሩ ተብለው እንደነበር ለምን አልነገርሽኝም አሉኝ። አስፈላጊ አልመሰለኝም። የቀብር ቪዲዮ ለእኔ ጭካኔ ነው። ለሚ/ር ኤ. ግን እዚያ ክለብ መጠራት ስድሳ ዓመት የጠበቁት ነገር ነበር። ጋሽ መኮንን ዓይናቸው ቀልቶ መኪናቸውን አስነሱ።

እሁድ፣ ኅዳር 14

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ምን ብዬ እቆማለሁ። ምሳም አልበላሁም።

ነገ ጠዋት ተረኛ ነኝ። ዝም ብል ሥራዬ አይነካም። ማርክም ደስ ይለዋል። ሰውዬው ግን ወንድሜ ጠልቶኝ ሞተ እንዳሉ ይሞታሉ፣ እኔ ደግሞ በየቀኑ ጀርባቸውን እያጠብኩ ዝም። አልችልም፣ ደብተሬ። አሁን ቁርጥ አድርጌያለሁ። ገብቼ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ ቤተሰቦችዎ ጠርተውዎት ነበር፣ የደበቅኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ያባርሩኝ። ይስደቡኝ። ሪስ ግን ደብዳቤውን እያለቀሱ ደጋግመው እንዳነበቡት፣ ሊደውሉላቸው አንድ ቀን ብቻ እንደቀራቸው ሰውዬው ይወቁ።