በጭብጥ የሚያዝ ድንጋይ

ሙርቶላ፣ የካቲት 14 ቀን

የኔ ልጅ ሬይማ፣

እዚያ ኖርዌይ፣ ባሕሩና የነዳጅ ማውጫው ብረት እንዴት ይዘውሃል? ደብዳቤ ሲጀመር “እኛ ደኅና ነን” ይባላል፤ እኛ ግን ደኅና አይደለንም። በስልክ ያልነገርኩህ አባትህ ከአጠገቤ ስለማይለይ ነው። አሁን የሳውናውን የእንፋሎት ምድጃ ሊያነድ ወጥቷል። ጭሱ በወጥ ቤቱ መስኮት ይታየኛል። ጭሱ እስከታየኝ ድረስ እጽፍልሃለሁ።

በገና ሰሞን ዝናብ ዘነበብን። በእኛ አገር፣ በገና፣ ዝናብ! በማግስቱ ሁሉም በረዶ ሆኖ እንደ ብረት ጠጠረ። አጋዘኖቻችን ከሥር ያለውን ምግባቸውን ለማግኘት ሲቆፍሩ ሰኮናቸው ደማ፤ አልደረሱበትም። አባትህ ድርቆሽ ገዝቶ በየጫካው ቢያዞርም የበሉት ጥቂቶቹ ናቸው። ስንት ቀሩ እንዳትለኝ፤ የሰው አጋዘን ስንት ነው ተብሎ አይጠየቅም፣ እኔም ባሌን አልጠየቅሁትም። ቫልኮን ግን ልንገርህ። ያ በልጅነትህ ጀርባው ላይ የምትተኛበት ነጩ አጋዘን መነሣት አቃተውና አባትህ ራሱ ገደለው። ሥጋውን እንኳ ሳይወስድ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ዕቃውን ማደል ጀመረ። አጋዘን መያዣ ገመዱን ለጎረቤታችን ለኡንቶ ሰጠው። አያትህ የሠሩለትን ቢላዋም ሰጠው። የአጋዘኖቹን የጆሮ ምልክት ለአርቢዎቹ ማኅበር ልመልስ ነው አለኝ፤ ከአባቱ የወረሰውን ምልክት! “ምን ቆርጦህ?” ስለው “ለማን ላስቀምጠው?” አለኝ። ኡንቶ ቢላዋውን በሁለት እጁ ይዞ ወጥ ቤት ድረስ መጣና፦

“ኢርያ፣ ይኼን መውሰዴ ደስ አላለኝም” አለኝ።

“እኔንም። እንግዲያው ጠመንጃውንም ውሰድ።”

“ምን ብዬ?”

“ቀበሮ አስቸገረኝ በለው።”

ወሰደው። አባትህ ባዶውን መስቀያ አየና ቆቡን ሰቀለበት። ቢቆጣ በወደድኩ።

ባለፈው ሐሙስ የቤተ ክርስቲያኑ አረጋውያን ፈርጥ ወደሚቆፈርበት ወደ ሐምራዊው ድንጋይ ተራራ ለመዝናናት ሄድን። ሂልካን ታውቃታለህ፣ ሽማግሌውን ሁሉ እንደ መንጋ የምትነዳውን። “ባልሽን አርቪንም አምጪው፣ ቤት ውስጥ ሻገተብሽ” አለችኝ። እምቢ ይላል ስል “እሺ” አለ። ከተራራው ላይ የአጋዘኖቻችን የክረምት መሰማሪያ ወለል ብሎ እንደሚታይ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

በበረዶ ትራክተር በሚጎተት ጋሪ ነበር የሄድነው፣ በቆዳ ተጀቡነን። ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አልፏል። ሂልካ አፏ አያርፍም፦

“አርቪ፣ ዛሬ ለኢርያ የቀለበት ፈርጥ ካላወጣህ ባል ነህ አልልም!”

“አንድ ቀለበት ሰጥቻታለሁ። ጠፍቶባት እንደሆነ ጠይቂያት” አላት።

ሁሉም ሳቀ። እሱም ሳቀ። ከገና ወዲህ ሲቀልድ መስማቴ ነበርና እሰይ አልኩ፣ እጁን ያዝኩት። ሞኝ ነኝ። ሰው እንደዚያ የሚቀለው ሐሳቡን ሲቆርጥም እንደሆነ ማን ይንገረኝ።

ቁፋሮው ጋ አንዲት ቀይ ቆብ ያደረገች አስጎብኚ ተቀበለችን። ከላዩ ጣራ በተሠራለት ጉድጓድ ውስጥ ለየሰዉ መዶሻና መቆፈሪያ አደለችን። “የምትወስዱት አንድ ድንጋይ ብቻ ነው” አለች። “ስትጨብጡት ጣታችሁ ከገጠመ የእናንተ ነው። ካልገጠመ የተራራው ነው።” ቄሱ ደግሞ ይኼ በራእይ መጽሐፍ አሜቴስጢኖስ የተባለው፣ የሰማይዋ ከተማ አሥራ ሁለተኛ መሠረት ነው ብለው ትንሽ ሰበኩ። ሂልካ የድንች ያህል ድንጋይ ይዛ “ጣቴ ድሮም አብጦ ነው እንጂ ይገጥማል!” እያለች ከልጅቷ ጋር ትከራከራለች። አባትህ ተንበርክኮ ቀና ሳይል ይቆፍራል። ሾርባው ደርሷል ሲባል ሳህን ልቀበል ዞር አልኩ። ስመለስ ቦታው ባዶ ነው። ቆቡ መቆፈሪያው ላይ ተቀምጧል፣ ጓንቶቹም ተጣጥፈው ከሥሩ።

ለማንም አልተናገርኩም፤ ከጣራው ሥር ስወጣ ዱካው ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ዛፎቹ ይሄዳል። ያለ በረዶ መንሸራተቻ ነው የሄደው። እኔም ተከተልኩት፣ በረዶው ውስጥ እስከ ጭኔ እየሰመጥኩ። ከአንዲት ጥድ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ካፖርቱ ተከፍቷል፣ ቀኝ እጁ ተጨብጧል፣ ቁልቁል መሰማሪያውን ያያል።

“አርቪ፣ ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው።”

“አንቺ ብዪ። እመጣለሁ።”

“መቼ?”

“ሂጂ ኢርያ፣ ብርድ ነው” አለኝ፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ። ምን ልበለው? ልጎትተው አቅም የለኝም፤ ልጩህ ብል ሰው እስኪደርስ ይቆይብኛል። ቆቤን አወለቅሁና አጠገቡ በረዶው ላይ ተቀመጥኩ።

“ምን እያደረግሽ ነው?”

“አንተ የምታደርገውን።”

“አንቺ ሴትዮ፣ ጉልበትሽ!”

“ጉልበቴ ከዛሬ ወዲያ ምን ሊሠራልኝ ነው?”

ቁልቁል አየን። “ባዶ ነው” አለ። “አንድ ዱካ እንኳ የለም፣ አየሽ?” “አየሁ” አልኩት። ጆሮዬ መቃጠሉን ትቶ መደንዘዝ ሲጀምር አባትህ ተነሣ። ለራሱ ብሎ አይደለም፤ ለእኔ ጉልበት ብሎ ነው። “ግትር! በቅሎ! ከአንቺ ጋር ሰው በሰላም መቀመጥ እንኳ አይችልም!” እያለ ጎትቶ አነሣኝ። ስሰደብ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለሰዎቹ ሽንቱን ሊሸና ወጥቶ ነው አልኳቸው። ሂልካ፣ ያቺ ዝም የማትል ሂልካ፣ ቃል ሳትተነፍስ ሻርፗን ፈታ ጭንቅላቱ ላይ ጠመጠመችለት።

እጁን የከፈተው ቤት ገብተን ነው። ድንጋዩ ከአውራ ጣት አይበልጥም፣ ግማሹ ሐምራዊ፣ ግማሹ እንደ ውሃ። “ለሬይማ ላኪለት” አለኝ። “ሌላ የማወርሰው የለኝም። ሲደርሰው ንገሪኝ።” ከደረሰው በኋላስ ብዬ አልጠየቅሁትም።

በማግስቱ ፖስታ ቤት ሄጄ መስኮቱ ጋ ቆምኩና ተመለስኩ። ላክሁት አልኩት። ፖስታውን ገልብጠህ አትፈልገው፤ ድንጋዩ እዚህ ዱቄት ጣሳ ውስጥ ነው። እሱ ማለዳ ማለዳ “ደረሰው?” ይለኛል። “ገና ነው፣ የኖርዌይ ፖስታ እኮ ነው” እለዋለሁ። “እነዚህ ኖርዌዮች ደግሞ!” ይልና እየተነጫነጨ ይወጣል፤ ለቀሩት አጋዘኖች ድርቆሽ ይሰጣል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ያድራል። ስለዚህ አደራህን፣ “ደረሰኝ” ብለህ እንዳትደውል።

በበልጉ፣ አጋዘኖቹ በሚለዩበት በረት፣ የተባባላችሁትን ሰምቻለሁ። እሱ “ከዚህ በረት ከወጣህ ልጄ አይደለህም” አለህ፤ አንተም አጥሩን ዘልለህ ወጣህ። ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ግትር ናችሁ። ይቅርታ ጠይቀው አልልህም፣ አጋዘን ጠብቅም አልልህም። ና ብቻ። አፈር ስሆንልህ፣ ይህ ወረቀት እጅህ በገባበት ቀን ተነሥ። በሩን ከፍተህ “ምንም አልደረሰኝም” በለው። እውነትህን ነው።

ጭሱ ቆመ። ልየው።

መጣሁ። እሳቱ ጠፍቶ በሳውናው ጨለማ ውስጥ ታችኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እንጨቱን እኔ ጨመርኩ። “ፖስታ መጣ?” አለኝ። “አልመጣም” አልኩት። “ነገ ደግሞ እጠይቅሻለሁ” አለ። ነገ እጠይቃለሁ ያለ ሰው እስከ ነገ አለ። ከነገ ወዲያውን አንተ አምጣልኝ።

ከባሕሩም ከብረቱም ይጠብቅህ፣ መንገድህን ያቅናልህ፣ የኔ ጌታ።

እናትህ ኢርያ