የእትዬ ጥሩ ሁለተኛ ደም

መጋቢት 3 ቀን 1979፣ ሐሙስ

ዛሬ ለጉበት ጥናቱ ስድስት ሰው። ደም ቀዳሁ፣ በማሽን አዞርኩ፣ በረዶ ውስጥ ከተትኩ። ነገ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ይሄዳል። ስማ ደብተር፣ የሚለካው የሐሞት አሲድ ነው። አንዴ በባዶ ሆድ፣ አንዴ ደግሞ ቅባት ያለው ምግብ ከተበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ። ጤነኛ ጉበት ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የሚገባውን ቶሎ ይጠርገዋል። የታመመ ጉበት ያቅተዋል፣ ቁጥሩ ያሻቅባል።

ስድስተኛዋ ታላቅ እህቴ ናት፣ እትዬ ጥሩ፣ ከሸነን ገጠር የመጣች። ድካም። ማሳከክ። ቀኝ ጎኗን ይከብዳታል። አባታችንን የገደለው ጉበት ነው። ጥናቱን የሚመራውን፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ዶክተር ደጅ ጠንቼ ነው ያስመዘገብኳት። ሁለት እንቁላል በቅቤ አስጠብሼ ሰጠኋት። ሁዳዴ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ለታመመ ይፈቀዳል አልኳት፣ እሺ አለች። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ቅጹ ላይ «በፊቴ በልታለች» ብዬ ፈረምኩ።

መጋቢት 14፣ ሰኞ

ውጤት መጣ። ዶ/ሩ የእትዬ ጥሩ ጉበት ደህና ነው ብሎ ጽፏል። የማሳከክ መድኃኒት ይበቃታል አለ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቁጥሮቹን ደግሜ አየሁ። ከምግብ በፊትና በኋላ ያው። የጤነኛ ሰው እንኳ ትንሽ ከፍ ይላል። እውነት በልታ ነበር?

መጋቢት 15

የጽዳት ሠራተኛችንን ጫልቱን ስለዚያን ቀን እንዲያው ጠየቅኳት። እንቁላሉን እኔ ነኝ የበላሁት አለች፤ እህትህ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ፣ አንተ የምታውቅ መስሎኝ። ጨርሳ አመሰገነችኝ። እሷን ምን እላታለሁ። ሁለቱም የባዶ ሆድ ደም ነው። ፊርማው የእኔ ነው።

መጋቢት 16

ለኃላፊያችን ለኦቦ ደበላ ነገርኩ። የአንዷ ሐሰት ነው ካልን ሁሉንም ሐሰት ነው ይሉናል፣ ጥናቱ ይቀራል፣ ያመጡልንን ማቀዝቀዣም ይወስዱታል፣ ዝም በል አሉኝ። የእህቴ ጉበት ከማቀዝቀዣ አነሰ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ምሳ ልጋብዝህ አሉኝ፣ አልሄድኩም።

መጋቢት 20፣ እሁድ

ሸነን ደርሼ መጣሁ። ዓይኗ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ለምን አልበላሽም ብዬ ጮኽኩባት። በታመመች ሴት ላይ። ያን ያህል ደጅ ጠንተህልኝ፣ አልበላም ለማለት ይሉኝታ ያዘኝ አለች። ጾሙን ደግሞ መግደፍ አልቻለችም። ከዚያ ቀስ ብላ፦ «ቅባት ከሆነ የሚፈለገው፣ የኑግ ዘይት አይሆንም?»

ይሆናል እንጂ። ለምን አይሆንም። ዶክተሩ እንቁላልና ቅቤ ስላለ እኔም እንቁላልና ቅቤ። በሁዳዴ። ምን ትበያለሽ ብዬ አንድ ቃል አልጠየቅኳትም። ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነው። አፈርኩ።

መጋቢት 21፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ለዶክተሩ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሳላይ አየሁ ብዬ ፈርሜያለሁ፣ የእህቴ ውጤት ይሰረዝ፣ ደሟ እንደገና ይለካ። እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር። ግን የቀሩትስ? አምስቱም ጿሚዎች ናቸው። አምስቱም ደህና ናችሁ ተብለው ወደየቤታቸው ሄደዋል። የአንዳቸውንም አፍ አላየሁም። ይህንንም ጻፍኩ። የሁሉም ይደገም።

ኦቦ ደበላ እየጠሩኝ ነው። ይጥሩ። አውቶቡሱ ሳይነሳ ፖስታውን ለሾፌሩ ልስጥ።