ልታጠፉኝ ነው? ምን አጠፋሁ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

ዛሬም ቀለም። ሰማያዊው ደብዛዛ ነው ተባልኩ፣ አደመቅኩት። በጣም ደመቀ ተባልኩ፣ አደበዘዝኩት። ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ ያቀረብኩትን ራሱን መልሼ ላክሁ። "አሁን ገና መጣልሽ!" አለኝ አለቃዬ። ሳቄን በእጄ አፈንኩ።

አዲሱን አለቃዬን በሆዴ አቶ ባጭሩ ነው የምለው። ያለ "ባጭሩ" አፉን አይከፍትም። የሱ ድርጅት የኔንና የወንድሜን የመድኃኒት ቤት ፕሮግራም ከገዛ ወዲህ ሥራዬ መጫኛውን ማልበስ ሆኗል። ሰው ፕሮግራሙን ኮምፒውተሩ ላይ ሲጭን አንድ በአንድ የሚመጡለት መስኮቶች አሉ አይደል? እነሱን የአዲሱን ባለቤት ሎጎ፣ ቀለምና አነጋገር ማስያዝ። ሎጎው ቀላል ነው። ቀለሙም ያው እንዳየሁት... አነጋገሩ ነው የከበደኝ። እያንዳንዱ ቃል የወንድሜ ነው።

ፕሮግራሙን ሁለታችን ነን የሠራነው፣ እማዬ ቤት፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ። እኔ ውስጡን፣ እሱ ሰው የሚያየውን። እንሽጠው ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ለምኜ አስፈረምኩት። በፈረመ ማግስት ጥሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

እግሬ አልቀመጥ አለኝ። ከወንበሩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ መጠጥ ውኃው፣ ተመልሼ ወደ ወንበሩ። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ "ጉንዳን ገባብሽ እንዴ?" አለችኝ።

የማጥፊያውን መስኮት ከፈትኩ። ሰው ፕሮግራሙን ከኮምፒውተሩ ላይ ሊያጠፋ ሲል የሚወጣው። እንዲህ ይላል፦ "ልታጠፉኝ ነው? ምን አጠፋሁ?"

ወንድሜ ይህን የጻፈ ቀን በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። እማዬ ከጓዳ "ምን አገኛችሁ?" ብላ መጣች። አነበብንላት። "ይሄ ልጅ ኮምፒውተሩንም እንደ ራሱ አሽሟጣጭ አደረገው" አለች።

አቶ ባጭሩ አልሳቀም። "ባጭሩ፣ ይሄ ቀልድ ነው። እኛ ድርጅት ነን።"

"ፕሮግራሙ ይወገድ?" ብዬ ተካሁት። ልክ ነው። ግልጽ ነው። ታዲያ እጄ ለምን ከበደኝ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 9

ቀኑን ሙሉ አንድ ቁልፍ! "ቀጥል" እንዳንል ሴቶቹስ? "ቀጥዪ" እንዳንል ወንዶቹስ? ወንድሜ "እንቀጥል" ብሎ ነበር የገላገለን። ትልቅ ትንሽ አይልም፣ ወንድ ሴት አይልም። ደግሞ አብሮ የተቀመጠ ሰው ያለ ያስመስላል።

"ከማን ጋር ነው የምንቀጥለው?" አለ አቶ ባጭሩ። "'ይቀጥሉ' በይው።"

እሺ፣ ይቀጥሉ። ቁልፉ ጠበበና "ይቀጥ" ብሎ ቀረ። አሰፋሁት፤ "ይመለሱ" ላይ ወጣበት። እሱን ስገፋ "ይቅር" ከመስኮቱ ወጥቶ ጠፋ...

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመኝ ለማን ነበር የምደውለው? ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ወንድሜ አላነሳም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13

የረጅሙ መስኮት ተራ ደረሰ። የቆየ መዝገብ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ሲጫን የሚወጣው። ወንድሜ ሙሉ አንቀጽ ነው የጻፈበት፦ "ቆዩማ! እዚህ ኮምፒውተር ላይ የድሮ መዝገብ አገኘሁ። ምን መድኃኒት እንዳላችሁ፣ ማን ምን እንደወሰደ፣ ሁሉም አለ። በአዲስ እንጀምር ካላችሁኝ ያ ሁሉ ይጠፋል፤ እኔም መመለስ አልችልም። ግራ ከገባችሁ እንዳትነኩ፣ ደውሉልን።"

አቶ ባጭሩ አነበበና ሰዓቱን አየ። "ባጭሩ፣ ይሄ ደብዳቤ ነው። አንድ መስመር አድርጊው።"

"ሰው ይሳሳታል እኮ።"

"ሰው አያነብም። አንድ መስመር።"

"በአዲስ መዝገብ ይጀመር? አዎ / አይ።" አለቀ። በትንሹም በትልቁም ስክሪን ላይ ልክ ገባ። አማረ። ሁለቴ ከፍቼ ዘጋሁት፣ ግን... አማረ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17

ዕረፍት ነው ይባላል። ስልኬን አሥሬ አያለሁ። ማን እንዲደውል ነው የምጠብቀው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 19

ጉድ ሆንኩ።

አዲሱን መጫኛ ለሙከራ የሰጠናት አንዲት ባለ መድኃኒት ቤት ደወለች። በዕድሜ እናቴን ታህላለች። ድምጿ ይንቀጠቀጣል፤ ከንዴት ይሁን ከለቅሶ አልለየሁትም።

"ልጄ፣ መደርደሪያዬ ሙሉ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ባዶ ነሽ ይለኛል።"

"እትዬ፣ ሲጫን ምን ነበር የጠየቀዎት?"

"በአዲስ ይጀመር ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። አዲሱን አይደል እንዴ የምጭነው?"

አዲሱን አይደል እንዴ የምጭነው። ምን ልበላት? እኔም ብሆን አዎ ነበር የምለው።

"ሌላ ቦታ ባካፕ አለዎት?" ስላት "እሱ ደግሞ ምንድነው?" አለች። የመዝገቡ ሌላ ቅጂ የላትም ማለት ነው።

ለአቶ ባጭሩ ነገርኩት። "ባጭሩ፣ አዎ ያለችው እሷ ናት።" እሷ ናት? አዎ እንድትል አድርጎ የጠየቃትስ?



ማክሰኞ፣ ጥቅምት 20

ሄድኩ። ወንድሜ ከአንድ ጎማ ቤት በላይ አንዲት ክፍል ነው የተከራየው። ከታች መዶሻ እየጮኸ ደረጃውን ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ እንደገና ወጣሁ። አንኳኳሁ።

በካልሲ ከፈተ። ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ። "እማዬ ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

"ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?"

ሁሉንም ነገርኩት፣ ሳልቀመጥ። የመስኮቱን ስክሪንሾት አሳየሁት። ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር... ይጮኽብኛል ብዬ። በሩን ይዘጋብኛል ብዬ።

"ይሄን አንቺ ጻፍሽው?"

"አዎ።"

"አለቃዬ አስገድዶኝ ነው አትይም?"

"አሳጥሪው ብሎኛል። የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ።"

ጫማውን ፈለገ። "ሴትየዋ የት ናት?"

ረቡዕ፣ ጥቅምት 21

ክንዴ ዝሏል፤ ግን ልጻፈው።

ወንድሜ የሴትየዋ ኮምፒውተር ላይ ጎብጦ ግማሽ ቀን ዋለ። እስከ መስከረም አጋማሽ ያለውን መዝገብ ከዲስኩ ላይ ለቅሞ መለሰው። የቀረው የለም፣ ሄዷል። በየመደርደሪያው ያለውን መቁጠር ሆነ።

"ያጠፋችሁት እናንተ፣ የምትቆጥሩት እናንተ" አለች ባለ መድኃኒት ቤቷ። ትንሽ ቆይታ ግን ራሷም መነጽሯን አድርጋ መጣች። እሱ መሰላል ላይ ሆኖ ይጠራል፣ እኔ እመዘግባለሁ፣ እሷ ታርማለች።

አላስቻለኝም። "ስልኬን ለምን አታነሳም?"

"የሳል ሽሮፕ፣ የልጆች፣ አሥራ ሁለት።"

"ጋሽዬ።"

"ጻፊ። አሥራ ሁለት።"

ጻፍኩ። ሁለት መደርደሪያ ቆጠርን። ከዚያ ጀርባውን እንደሰጠኝ፦ "መጀመሪያ ተናድጄ ነው። በሳምንቱ ወጣልኝ። ከዚያ ምን ብዬ ልደውል? በቆየሁ ቁጥር ባሰብኝ... ሚጡ፣ እፍረት ነው እንጂ ሌላ አይደለም።"

እኔስ? እኔም ደጁ ለመሄድ የሰው ንብረት እስኪጠፋ ጠበቅኩ እኮ።

"እንግዲህ" አለች ባለ መድኃኒት ቤቷ፣ "እርቁን እቤታችሁ። እዚህ ቁጠሩ።"

ሦስታችንም ሳቅን። እሷ ቀድማ አቆመች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 23

አቶ ባጭሩ ቢሮ ገባሁ። ተቀመጪ አለኝ፣ አልተቀመጥኩም። 

"ያ መስኮት ይረዝማል። አይሆንም ካልክ ሌላ ሰው ይሥራው።"

"ባጭሩ..." አለና ቆመ። ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። "ሴትየዋ ትናንት ደወለችልኝ።"

"ምን አለች?"

"ባጭሩ አልነበረም።"

ፈገግ ያለ መሰለኝ። ሲስቅ አይቼው ስለማላውቅ እርግጠኛ አይደለሁም። "ጻፊው። ቀልድ ግን የለም።"

እሑድ፣ ጥቅምት 25

እማዬ ቤት ምሳ። ወንድሜም መጣ። እማዬ ሁለታችንንም ባንድ ላይ ስታይ ጓዳ ገብታ ቆይታ ወጣች፣ ዓይኗ ቀልቷል።

ከምሳ በኋላ ላፕቶፑን ገፋሁለት። "አንተ ጻፈው። ካንተ በላይ የሚችልበት የለም።"

መልሶ ገፋው። "የኔ ለምናውቃቸው ሰዎች ነበር፤ ሲስቁ እየታየኝ ነው የጻፍኩት። አሁን የሚጭኑት አንዳቸውም አያውቁንም። አንቺ ጻፊው።" ቀጥሎ ደግሞ ቀስ ብሎ፦ "እኔ ማስተማር ጀምሬያለሁ። አልመለስም፣ ሚጡ። ደስ ብሎኛል።"

ደስ ብሎኛል አለ። ከፋኝ... ደግሞ አልከፋኝም።

ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ ጻፍኩ። እሱ ሶፋው ላይ ተኝቶ አንኮራፋ። በመጨረሻ እማዬን ጠርቼ አስነበብኳት፦

"እዚህ ኮምፒውተር ላይ የቆየ መዝገብ አለ። በአዲስ ይጀመር? 'አዎ' ካሉ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ሊመለስ አይችልም። እርግጠኛ ካልሆኑ 'አይ' ይበሉና በዚህ ቁጥር ይደውሉ። ሰው ያነሳል።"

ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። "እዚህ ጋ ፈራሁ።"

"የቱ ጋ?"

"ይጠፋል የሚለው ጋ።"

"ላለዝበው እንዴ?"

"ተይው፣ አቁሞኛል እኮ።"

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

መጫኛው ከወጣ ሰነበተ። እስካሁን መዝገቡ የጠፋበት የለም። ቁጥሩ የኔ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚጠራው፤ አቶ ባጭሩ "ሰው ያነሳል ያልሽው አንቺ ነሽ" ብሎ ስልኩን አምጥቶ አስቀመጠልኝ።

ዛሬ ሩቅ ቦታ ያሉ ሽማግሌ ደወሉ። መድኃኒት ቤት አላቸው፣ ብቻቸውን ነው የሚሠሩት። "የሆነ ነገር ይጠፋል ይላል። እጄን አንስቻለሁ።"

"ጥሩ አደረጉ፣ አባባ። 'አይ' ይበሉት።"

"አልኩት። አሁን ሌላ መጣ። እስኪያልቅ እንዳትዘጊብኝ።"

አልዘጋሁም። እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እሰማለሁ፣ እሳቸው ይጫናሉ። አንድ መስኮት ላይ መነጽራቸው ጠፋ፤ ሲፈልጉ ጠበቅኳቸው። ተነስቼ ልንጎራደድ አላልኩም። መዝገባቸው እንዳለ ወጣ። ሲደሰቱ በስልኩ ውስጥ ጠረጴዛቸውን ሲመቱት ተሰማኝ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉ ሊዘጉ ሲሉ። "ሰው ያነሳል ብሎ የጻፈው ማነው? ውሸታም ብዬው ነበር።"

"እኔ ነኝ" አልኩ።