ሁለት መቀበያ፣ አንድ በሽተኛ

ሐሙስ፣ ጥር 17 ቀን 2010፣ ኹበር፣ ሳዑዲ

አላመንኩትም። ልጄ ሰብለ ለክሊኒኩ የሠራችውን ፕሮግራም እራት ላይ ስታሳየኝ አንድ ነገር ዓይኔን ወጋኝ። “አሁን የተከፈተው በሽተኛ” የሚለውን ሲንግልተን አድርጋዋለች። በፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ብቻ ይፈጠራል፤ የፈለገ ሁሉ ከየትም ሆኖ ያንኑ ይጠራል።

“ለምን አንድ?” አልኳት።

“ይቀላል እማዬ። ከአንዱ የፕሮግራሙ ክፍል ወደ ሌላው ማቀባበል የለም።”

ይቀላል ሲሉኝ እጠረጥራለሁ። ድሮ ባንክ ቤት ፕሮግራም በካርድ ስንጽፍ፣ እያንዳንዱ ክፍል የሚፈልገውን በግልጽ ካልጠየቀ አለቃችን ይመልስብን ነበር። ይኸኛው በጓሮ ገብቶ ይወስዳል። ማን እንደለወጠው በምን ይታወቃል?

ፕሮግራሙ እሑድ ሥራ ይጀምራል። ሰብለ ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ናት። ከተበላሸ ቅጥሩም ይቀራል፣ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዷም ይቀራል።

ዓርብ

የት እንደሞከረችው ጠየቅኋት። በሴቶች መቀበያ፣ ብቻዋን። የወንዶቹ መቀበያ በሌላኛው በር ነው፤ እሷ እዚያ አትቀመጥም። ግብፃዊው አለቃዋ ሊያይላት ነበር።

“አየው?”

“ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም ብሎኛል።”

ይህ መልስ አይደለም። ላፕቶፗ ላይ ሁለቱንም መቀበያ ጎን ለጎን አስከፈትኳት። በሴቶቹ ፋጡማ የምትባል በሽተኛ ፈጠረች፣ በወንዶቹ ኢንሱሊን የታዘዘለት ሳሊም የሚባል። ወደ ፋጡማ ተመልሳ የመድኃኒት ወረቀት ስታዝ የወጣው የሳሊም ኢንሱሊን ነው።

ሰብለ ፊቷ ተለዋወጠ። “የቤት ሥራዬንም እንዲህ ነበር የምትፈትሺው” አለች። ከዚያ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ሥራ ጀመረች።

ቅዳሜ

ሲንግልተን የተባለውን ሁሉ እንድታወጣ አደረግኳት። በሽተኛውን፣ የተሠራውን ሁሉ በአንድ ፋይል የሚመዘግበውን፣ ተራ ቁጥር የሚሰጠውንም። አሁን እያንዳንዱ መቀበያ የራሱን ይፈጥራል። “መዝጋቢውንና ቁጥር ሰጪውን እንኳ ተዪልኝ” ብላ ለመነችኝ። እምቢ አልኩ። አንዱ ካታለለኝ ሌሎቹን ምን ብዬ አምናለሁ?

ወረቀቱ ልክ ወጣ። ሙከራውም ቀለለ፤ የአንዱ ሙከራ ትራፊ ለሚቀጥለው አይተርፍም። ይህን እሷም አመነች።

እሑድ

ረፋድ ላይ ደወለች። ሁለቱም መቀበያዎች ከአንድ እየጀመሩ ቁጥር ሲሰጡ አርፍደዋል። የሐኪሙ በር ላይ አንድ ሽማግሌና አንዲት እናት ያንኑ ቁጥር ይዘው ይጨቃጨቃሉ።

“ቁጥር ሰጪው አንድ መሆን ነበረበት። ብዬሽ ነበር እማዬ።”

ብላኝ ነበር። ከኋላዋ የአለቃዋ ጩኸት ይሰማኛል።

“መልሺው። መድኃኒቱስ?”

“እሱ ልክ ነው” ብላ ዘጋችው።

ምሳ አልበላሁም። በእኔ ግትርነት ከሥራ ብትወጣ ምን እላታለሁ?

ሰኞ

ቁጥር ሰጪውንና መዝጋቢውን አንድ አንድ አድርጋ መልሳለች። ለሁሉም የጋራ የሆነ ነገር አንድ ይሁን፤ የየሰው የሆነ ግን የየሰው። እዚህ ላይ ተስማማን።

ዛሬ ቁጥር አልተደገመም። አለቃዋ የትናንቱን ሲጠይቃት የዓርቡንም አልደበቀችውም፤ በፋጡማ ቦታ የወጣውን የሳሊምን ወረቀት አሳየችው። ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበው አለችኝ። ቀጥሎ በጎረቤቱ ከተማ በደማም ላለው ቅርንጫፍም ፕሮግራሙን አንቺው ትሠሪዋለሽ አላት።

“ቅጥርሽን ፈረመ?”

“ሐሙስ እፈርማለሁ ብሏል።”

“ካልፈረመ አላምንም።”

“አንቺማ ቢፈርምም ፊርማውን ትመረምሪያለሽ” ብላ ሳቀች። ከሐሙስ ወዲህ ስትስቅ ገና ዛሬ ሰማኋት። እኔም እራቴን በላሁ። ደማም ላይ ስንት መቀበያ እንዳለ ግን ነገ ራሷ ሄዳ አይታ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ።