ማን ይጦርዎታል?

ልጄ፣ የላይኛው ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። እኔ ሰባ ስምንት ሞላኝ። ዛሬም ያለ መነጽር እንጨት እልጋለሁ፣ ደረጃውንም ማንም ሳይደግፈኝ እወጣለሁ። ፊደሉ ቢወላገድም ይህን ራሴ ነኝ የጻፍኩት።

«አባቴን የምጦረው እኔ ነኝ» ብለሽ ያመለከትሽበት የቪዛ ቢሮ ጠርቶኝ ነበር። ሱፌን አስተኩሼ ሄድኩ። ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ «አባባ፣ ማን ይጦርዎታል?» አለችኝ።

«ደግሞ ማን ሊጦረኝ! እጄ ይኸውና!» ብዬ ሁለቱንም መዳፌን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩላት። ሳቀች፤ ግን ከለከሉኝ። ለካ በዚህ ቪዛ የሚገባው የልጁ ጥገኛ የሆነ ወላጅ ብቻ ነው። ባለሱቁ ጎረቤታችን ሲሰማ «አይ አባባ! በገዛ አፍዎ በሩን ዘጉት እኮ!» አለኝ።

እናትሽ ካረፈች ወዲህ ምሽቱ አልገፋ ብሎኛል። ይህን ለቢሮ አልናገርም፣ ላንቺ ነው። እባክሽ እንደገና አመልክቺልኝ። ሲጠይቁኝ «ልጄ ትጦረኛለች» እላለሁ፤ አንቺ ግን እንዳታምኚኝ። ቤትሽ ይሙቅ፣ ልጅሽም ይደግልሽ።

እስከዚያው ያለብኝን ዕዳ ራሴ እከፍላለሁ። ታምሜ ሳለ ሾርባ ላመላለሰችልኝ ሴትዮ የተጣመመ በሯን አቃናለሁ፣ ለባለሱቁ መደርደሪያ፣ ለእናትሽ መቃብር አጥር እሠራለሁ። ለልጅሽ ቃል የገባሁለትን አልጋ ግን እዚያው መጥቼ ነው የምሠራው።