በምስጢር ጠቁመው በማይክ የተጠሩት አባላችን አቶ ከዲሮ ሀሰኖ

የጭላሎ ግርጌ እህል ነጋዴዎች ማኅበር መሥራች አባልና የሚዛን ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት አቶ ከዲሮ ሀሰኖ፣ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በአሰላ ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። በዚያው ዕለት ከአሱር ሶላት በኋላ በትውልድ ቦታቸው በሳጉሬ ተቀብረዋል። ማኅበሩ ከባድ ሐዘን ላይ መሆኑን ለአባላቱ፣ ለሠራተኞቹና ለከተማው ነዋሪ ያሳውቃል። በዚህ መግለጫ የሚነሣ አንድ መሥሪያ ቤትም አለ፤ ስለ እርሱ ያለን ስሜት ግን ሐዘን አይባልም።

አቶ ከዲሮ በ1954 ዓ.ም. ከሳጉሬ ወጣ ብሎ ባለ የገበሬ መንደር ተወለዱ። የንግድ ሥራ የጀመሩት ገና ወጣት ሳሉ በዴራ የከብት ገበያ በድለላ ነው። በዚያ ዘመን ሻጭና ገዥ ዋጋ የሚነጋገሩት በደላላው አማካይነት፣ በፎጣ ስር ጣት በመያዝ ነበር። በዙሪያው መቶ ሰው ቢቆም የሚያየው ፎጣውን ብቻ ነው። ደላላው የአንዱን የመጨረሻ ዋጋ ለሌላው ካወራ ማንም አይከሰውም፤ በሚቀጥለው ገበያ የሚጠራው ሰው ያጣል፣ በቃ። አቶ ከዲሮ በዚያ ሥራ ስምንት ዓመት ቆዩ፤ ሳይጠሩ የዋሉበት ገበያ አልነበረም።

በ1980 ዓ.ም. ወደ አሰላ መጥተው የእህል ንግድ ከፈቱ።

በ1994 ዓ.ም. ማኅበራችን ሲመሠረት የሚዛን ኮሚቴውን ያቋቋሙት እርሳቸው ናቸው። ኮሚቴው የአባላቱን ሚዛን ገበያ ሳይከፈት እየዞረ ይፈትሻል። አንድ ሳምንት የራሳቸው ሚዛን ጎድሎ ተገኘ፤ ሰብሳቢው ራሳቸው የራሳቸውን መጋዘን ዘጉ።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በሳጉሬ ዙሪያ ምርጥ ዘር ተብሎ የተከፋፈለው ስንዴ ገሚሱ ሳይበቅል ቀረ፤ የበቀለውም አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ደግሞ ጭራሽ ገብስ ሆኖ ወጣ። አቶ ከዲሮ ነገሩን ከሥሩ ደረሱበት። ዘሩን ያቀርብ የነበረው ድርጅት ከገበያ የገዛውን ተራ ስንዴ በምርጥ ዘር ከረጢት እየገለበጠ አፉን እንደገና ያሰፋ ነበር። ይህን የነገራቸው በዚያው መጋዘን ውስጥ የሚሠራ አንድ ሰው ነው። ወንድ ይሁን ሴት፣ ጫኝ ይሁን ሒሳብ ያዥ፣ ማኅበሩ አያውቅም። በዚህ መግለጫ "ሁለተኛው ሰው" ብለን እንጠራዋለን።

በዚህ ጊዜ ነው የግብዓት ጥራት ጥቆማ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ወደ ነገሩ የሚገባው። ጽሕፈት ቤቱ በበሩ ላይ "ይጠቁሙ፤ ምስጢርዎ በእኛ ዘንድ የተጠበቀ ነው" የሚል ሰፊ ባነር ሰቅሏል። ዛሬም እንደተሰቀለ ነው፤ ፀሐይ ቀለሙን ትንሽ አደብዝዛዋለች።

አቶ ከዲሮ ጥቆማቸውን ይዘው ሲሄዱ አስቀድመው አንድ ነገር ጠየቁ።

"ስሜ የት ነው የሚቀመጠው?"

"ኦቦ ከዲሮ፣ እርስዎ ከዛሬ ጀምሮ ስም የለዎትም" አሏቸው የመረጃ አያያዝ ቡድን መሪው። "ቁጥር ሰባት ነዎት።"

ሁለት ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥንም አሳዩአቸው። አቶ ከዲሮ ሁሉንም ተናገሩ፤ በመጋዘኑ ውስጥ ያየ ሌላ ሰው መኖሩንም አልደበቁም። ስሙን ሲጠየቁ ግን "እርሱን ተዉት፣ በእኔ ይበቃል" አሉ።

ጥቆማው ፍሬ አፍርቷል። መጋዘኑ ተፈተሸ፣ ከረጢቶቹ ተያዙ፣ የሳጉሬ ገበሬዎች ለቀጣዩ ዘር ወቅት ምትክ ዘር አገኙ። ይህ የአቶ ከዲሮ ሥራ ነውና በስማቸው እንመዘግበዋለን። በድርጅቱ ላይ የተከፈተው ጉዳይ ግን እስከ ዛሬ አልተቋጨም፤ ድርጅቱ በሥራ ላይ ነው፣ ሁለተኛው ሰውም በዚያው እንጀራውን ይበላል።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. ጽሕፈት ቤቱ በአሰላ አንድ አዳራሽ የባለድርሻ አካላት የምክክር መድረክ አዘጋጀ። ማኅበራችንም ተጋብዞ ስለነበር ቀጥሎ ያለውን የምንጽፈው ከሰው ሰምተን አይደለም፤ የማኅበሩ ጸሐፊ የዕለቱን ሁኔታ እንደ ልማዱ በዚያው ማታ በማስታወሻው አስፍሮታል። ከሻይ ዕረፍት በኋላ መድረክ መሪው ማይኩን ይዞ "አሁን ደግሞ በምስጢር ጥቆማ ግንባር ቀደም የሆኑትን እንሸልማለን" አለ። ይህን ሲል አልሳቀም። አዳራሹም አልሳቀም።

"ኦቦ ከዲሮ ሀሰኖ! ከእህል ነጋዴዎች! የት ናቸው?"

አቶ ከዲሮ ከማኅበሩ ሊቀ መንበር ከአቶ እንደሻው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። አልተነሡም።

"ከዲሮ፣ አንተን እኮ ነው።"

"ሰምቻለሁ፣ ዝም በል። ሌላ ከዲሮ ይኖር ይሆናል።"

"ሌላ ከዲሮ ሀሰኖ? ከእህል ነጋዴዎች?"

"ዝም በል አልኩህ እንደሻው፣ ወዲያ እይ።"

መድረክ መሪው "አይፈሩ አባቴ፣ ይምጡ! ጭብጨባው ነው መሰለኝ ያነሰው፤ እስቲ ሞቅ አድርጉት!" አለ። ሞቅ አደረጉት። የዘር አቅራቢው ድርጅት ሥራ አስኪያጅም ባለድርሻ አካል ነውና የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው እርሱ ነው። እያጨበጨበ ወደ ኋላ ዞሮ ፈለጋቸው፤ አገኛቸው።

ስላልወጡ የምስክር ወረቀቱ በማግስቱ በሞተር ብስክሌት ተላከላቸው። ቤት ስላልነበሩ ጎረቤት ሱቅ ተቀመጠ፤ ፖስታ አልነበረውም። በወርቅማ ጠርዝ ውስጥ "ለጥቆማ አቅራቢ ቁጥር 07 አቶ ከዲሮ ሀሰኖ፣ በምስጢር ላበረከቱት አስተዋጽኦ" ይላል። ስሙንም ቁጥሩንም ጎን ለጎን ጽፈውታል። አንዱ ቢጠፋ በሌላው እንዲገኙ ታስቦ ይሆናል።

ማኅበሩ ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ በራሱ መንገድ አጣርቷል። የብረት ሣጥኑ አልተሰበረም፤ ሁለቱም ቁልፎች በቦታቸው ነበሩ። የመድረክ ዝግጅት ኮሚቴው "ምርጥ ተሳታፊዎችን ላኩልን" ብሎ ሲጠይቅ የመረጃ ክፍሉ ሣጥኑን በወጉ ከፍቶ፣ ስሞቹን በስልክ ፎቶ አንሥቶ፣ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች በሙሉ ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቃቸው። ከዚያም ሣጥኑን በወጉ ቆለፈው። እኛ ነጋዴዎች ነን፤ ምስጢር ሸጦ የሚበላ ሰው አይተን እናውቃለን፣ ክፉ ነው ብለንም እንርቀዋለን። የአቶ ከዲሮን ስም ግን የሸጠው የለም። ቢሸጥ ኖሮ ቢያንስ ዋጋ እንዳለው የገባው አንድ ሰው እዚያ ቤት ነበረ ማለት ነው። በነጻ፣ በጭብጨባ ሰጡት።

ከዚያ በኋላ በሁሩታ ተከራይተው የያዙት ሁለተኛ መጋዘን ኪራይ አልታደሰም። የጭነት መኪኖች ባዶ ቆመው ሳለ ሹፌሮቹ "ሞልቷል ኦቦ" ይሏቸው ጀመር። የረጅም ጊዜ ደንበኛቸው የነበረ አንድ ነጋዴ "ከዲሮ፣ አንተ ክፉ ሰው አይደለህም፤ ግን ካንተ ጋር ሻይ መጠጣት ፈራሁ" አላቸው። "ሻዩን ተወው፣ ስንዴዬን ግዛኝ" አሉት። አልገዛቸውም።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አቶ ከዲሮ ከአቶ እንደሻው ጋር ሆነው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። ካሣ አልጠየቁም። ስሜን ማን አየው፣ ለሽልማት ይውጣ ያለው ማን ነው፣ ከዚያ ወዲህስ ምን ተደረገ? የጠየቁት ይህን ብቻ ነው። መልሱን አቶ እንደሻው እንደሰሙት እናስቀምጠዋለን።

"ይሄማ የውስጥ ጉዳይ ነው ኦቦ ከዲሮ" አሉ ቡድን መሪው። "ምስጢር ነው።"

"የኔ ስም እኮ ነው።"

"ስሙ የእርስዎ ነው፤ ጉዳዩ የእኛ ነው።"

አቶ እንደሻው ትዕግሥታቸው አልቆ "ለመሆኑ ለማን ነው ተጠሪነታችሁ? ይህ ነገር የሆነ ቦታ ሪፖርት ይደረጋል አይደል?" ብለው ጠየቁ። ቡድን መሪው ደስ አላቸው፤ ሪፖርት አላቸው። በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አሳዩ። "የመረጃ ምስጢራዊነት አጠባበቅ፦ 97 በመቶ" ይላል።

"እኔ በሦስቱ ውስጥ ነኝ ማለት ነው?" አሉ አቶ ከዲሮ።

"የለም፣ ይሄ የተሰጠው ሥልጠና ነው። ሦስቱ በመቶ ሥልጠናው ላይ ያልተገኙ ሠራተኞች ናቸው። እርስዎ እዚህ የሉበትም።"

ጽሕፈት ቤቱ አንድን ነገር በእውነት ደብቆ ሲጠብቅ ያየነው በዚያ ቀን ብቻ ነው። የሰውየውን ስም ለአዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ሰጠ፤ ስሙን ማን እንደሰጠ ግን ከባለ ስሙ ደበቀ። በዚህኛው ምስጢር ላይ ፎቶ ያነሣ የለም፣ ግሩፕ ላይ የለቀቀ የለም፣ የተሸለመም የለም። ችሎታው እንዳላቸው በዚህ አውቀናል።

በሰኔ 2016 ዓ.ም. ጽሕፈት ቤቱ አቶ ከዲሮን ራሱ ጠራቸው። በአቅራቢው ላይ የተከፈተው ጉዳይ እንዲቀጥል፣ እግረ መንገዱንም በመጋቢት ያቀረቡት የእርሳቸው አቤቱታ እንዲታይ፣ የሁለተኛውን ሰው ስም ያስመዝግቡ ተባሉ።

"ምስጢራዊነቱ ይጠበቃል" አሏቸው።

"በማን?"

"በእኛ ነዋ።"

አቶ ከዲሮ ተነሡ። "እኔ በዴራ ገበያ ከፎጣ ስር የያዝኩትን ነገር አውጥቼ አላውቅም፤ ለእናንተ ብዬ አልጀምርም" ብለው ወጡ። የሚጠብቃቸውን ያውቁ ነበር። ስሙን ቢሰጡ አቤቱታቸው ይታያል፣ ምናልባትም መኪኖቹ ይጭኑላቸዋል። አልሰጡም። አቤቱታቸው በዚያው ቀን "ባለጉዳዩ ባለመተባበራቸው" ተብሎ ተዘጋ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. የአሰላ መጋዘናቸውን ለመጨረሻ ጊዜ ዘጉ።

ማኅበሩ ጽሕፈት ቤቱ አቶ ከዲሮን ገደለ አይልም። ኩላሊታቸው ከዚያ በፊትም ታሞ ነበር፤ ያልመዘንነውን አንሸጥም። የመጨረሻ ዓመታቸውን ሸክም ማን እንደጫነባቸው ግን መዝነናል፣ እንናገራለንም።

የካቲት 6 ቀን፣ ለቅሶው ገና ሳይነሣ፣ ከጽሕፈት ቤቱ የሐዘን ደብዳቤ ደረሰን። የመጀመሪያው አንቀጽ ጽሕፈት ቤቱ በአቶ ከዲሮ ሞት የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል። ሁለተኛው አንቀጽ ሟች የሁለተኛውን ሰው ማንነት የሚያሳይ ነገር ትተው ከሆነ፣ የእጅ ስልካቸውን ጨምሮ፣ በማኅበሩ በኩል ተሰብስቦ እንዲቀርብ ያሳስባል። ምስጢራዊነቱ የተጠበቀ መሆኑን አረጋግጦ ይዘጋል። ደብዳቤው የመጣው በሞተር ብስክሌት ነው። ፖስታ አልነበረውም።

ሊቀ መንበሩ ጉዳዩን ለሟች ባለቤት ለወይዘሮ ሙቢና ነገሯቸው። ወይዘሮ ሙቢና ከሴቶቹ መካከል ቀና ብለው፣

"ስልኩን ፈለጉት?" አሉ።

"አዎ፣ አዴ ሙቢና።"

"እንግዲያው እኔንም መድረክ ላይ በማይክ ይጥሩኛ! እያጨበጨቡ ይጥሩኝና እመጣለሁ።" ለቅሶ ቤት ውስጥ የተሳቀው ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "እኔም አላውቀውም እንደሻው። አልነገረኝም፣ አልጠየቅሁትም። ስልኩንም ሳይሞት ውስጡ ያለውን ሁሉ አስጠፍቶታል" አሉ።

ስለዚህ ማኅበሩ ለጽሕፈት ቤቱ የሚሰጠው መልስ በዚህ መግለጫ ላይ ነው፤ ሌላ ደብዳቤ አንጽፍም። የምንሰጣችሁ ነገር የለም። ቢኖረንም ከእናንተ ቤት ይልቅ የአሰላ መናኸሪያ ላይ ለሚጮኽ ረዳት ብንሰጠው ይሻለናል፤ እርሱ ቢያንስ የሚጠራው የከተማ ስም እንጂ የሰው ስም አይደለም።

ማኅበሩ ለወይዘሮ ሙቢና፣ ለልጆቻቸው፣ ለሳጉሬ ቤተ ዘመዶቻቸውና በእርሳቸው ጥቆማ ምትክ ዘር ላገኙት ገበሬዎች ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ለአቶ ከዲሮም አላህ ጀነትን ይወፍቃቸው። የሚዛን ኮሚቴው በእርሳቸው ቦታ ሌላ ሰው እስኪመረጥ ፍተሻው አይቋረጥም፤ ሰኞ ማለዳ እንደ ወትሮው ይጀመራል።

የቀረን አንድ ሐዘንተኛ አለ። ለሁለተኛው ሰው፦ ሐዘንዎን በስምዎ ልንጋራዎት አንችልም። ለቅሶ ቤት መጥተው ከሆነ አጠገባችን ተቀምጠው ይሆናል፤ እጅዎን ጨብጠን "አላህ ያጽናዎ" ብለን አልፈንዎት ይሆናል። አላወቅንዎትም። ከራስዎ ሌላ ማንነትዎን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እርሱም ማንንም ሳይነግር ሳጉሬ ላይ ተቀብሯል። ነገ እንደ ልማድዎ ወደ ሥራዎ ይግቡ።

የጭላሎ ግርጌ እህል ነጋዴዎች ማኅበር
አሰላ፣ የካቲት 2017 ዓ.ም.