በአራት አስገቢ፣ በስድስት አስወጪ

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

ዛሬም ያው ነው። "ውሃ ጠፋ"፣ "ቧንቧ ፈነዳ"፣ "እናንተ ሰዎች ጆሮ የላችሁም ወይ?" አንዱ ሰውዬ ዘር ማንዘሬን ሰደበኝ። ውሃውን እኔ ጠጥቼ የጨረስኩበት ነው የሚመስለው። አስራ አንድ ዓመት እዚህ የውሃ ጥሪ ማዕከል ወንበር ላይ... ስልክ ማንሳት፣ መሰደብ፣ "ስለደወሉ እናመሰግናለን" ማለት።

ከሰዓት በኋላ አለቃችን መጥቶ ከረቡዕ ጀምሮ የዮጋ አሰልጣኝ ትመጣለች አለ። ጭንቀት እንዲቀንስልን አተነፋፈስ ታስተምረናለች። አራት ወንበር ባዶውን ነው። ሰው ቅጠሩልን ብንል መተንፈስ የምታስተምር ሴት ቀጠሩልን!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

መጣች። የተጠቀለለ ምንጣፍ በብብቷ። አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ወዲያው "ባለምንጣፏ" አለቻት። ስብሰባ ክፍሉ ወለል ላይ ተቀመጥን። ጉልበቴ ቋ አለ። ሴትዮዋ ወደኔ ጎንበስ ብላ፣ "ትከሻሽን ጣይው። እየቆጠርሽ በአፍንጫ፣ በአራት አስገቢ። በአፍ፣ በስድስት አስወጪ። ሐሳብ ሲመጣ አትታገዪው፣ ዝም ብለሽ ወደ ትንፋሽሽ ተመለሽ።"

ሐሳብ? የኔ ሐሳብ ተሰልፎ ነው የሚመጣው። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ማን አስተምሮኝ ነው የተነፈስኩት? ጓደኛዬማ አንኮራፋች። የምሯን።

ስትወጣ "ስልክ ላይም ስትሆኑ ተጠቀሙበት" አለች። አለቃችንም ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 20

ማመን አልፈልግም... ግን ይሠራል። አንዲት ሴትዮ ስትጮህብኝ በአራት አስገባሁ፣ በስድስት አስወጣሁ። ቅሬታዋን እስከ መጨረሻው መዘገብኩላት። ቤት ስገባ ባለቤቴ "ምነው ዛሬ ሳትቆጪ ገባሽ? አመመሽ እንዴ?" አለኝ። ሳቅን። አብረን ከሳቅን ስንት ጊዜያችን ነው?

ዓርብ፣ ጥቅምት 30

ደሜ ፈልቷል። ጆሮ ጠራኝ። ጆሮ የምንለው የጥራት ተቆጣጣሪውን ነው፤ የተቀዱ ጥሪዎቻችንን እየሰማ ነጥብ ይቆርጣል። ሦስት ቅጂ አሰማኝ። የኔን ትንፋሽ! ፉ... ፉ... "ደንበኛ ላይ በምሬት መተንፈስ" ብሎ ጽፎታል። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። አንዴ ከተደገመ ከሥራ መሰናበት ነው።

"እናንተው አይደላችሁ ያስተማራችሁኝ?"

ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "እሱማ ስብሰባ ክፍል ውስጥ ነው። ስልክ ላይ ማን ተንፍሺ አለሽ?"

እህ! ስልክ ላይማ ሞቼ ልጠብቅ? ፈርሚ አለኝ። ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ደብዳቤው መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

ረቡዕ፣ ህዳር 5

ባለምንጣፏን ምንጣፏን ስትጠቀልል አገኘኋት። "ስልክ ላይ ተጠቀሙበት ብለሽን የለም? ለአለቃችን ንገሪልኝ።" ወለሉን አየች። "እኔ እዚህ እንግዳ ነኝ እህቴ... ኮንትራቴም ሊያልቅ ነው..."

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ትንፋሹ ግን ምን አደረገኝ? እሱ ላይ አልፈርድም።

ሐሙስ፣ ህዳር 13

ሳምንት ሆነኝ ትንፋሼን ውጬ ስሠራ። ደንበኛ ሲናገር ማይኩን ወደ ግንባሬ አነሳዋለሁ። ራሴን ይወቅረኛል። ትናንት ባለቤቴ ላይ ጮህኩበት። ለእርጥብ ፎጣ! ምስኪን፣ ፎጣውን ይዞ ቆሞ ቀረ።

ሰኞ፣ ህዳር 17

ጠዋት አንዲት ልጅ ደወለች። ዋናው ቧንቧ ፈንድቶ ቤቱን ውሃ እየሞላው ነው። አባቷ አልጋ ላይ ናቸው፣ መነሳት አይችሉም። ብቻዋን ናት። ቤት ቁጥር ስላት ማልቀስ ብቻ። ትንፋሽ አጠራት። ቤቷን ሳላውቅ ሠራተኛ ወዴት ልላክ?

ደብዳቤው ትዝ አለኝ። መሳቢያው ጉልበቴን ይነካኛል። እንደገና ከተሰማሁ አለቀልኝ... ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋሁት።

"ስሚኝ እህቴ። ትንፋሼን ስሚና አብረሽኝ ተንፍሺ። በአራት አስገቢ... በስድስት አስወጪ... ፉ..."

ስድስት ጊዜ። ጓደኛዬ ወንበሯን አዙራ አፏን ከፍታ ታየኛለች። በሰባተኛው ልጅቷ ቤት ቁጥሩን ጥርት አድርጋ ነገረችኝ። ሠራተኞቹ ደርሰው መስመሩን ዘጉት። አባቷ ደህና ናቸው። ውሃው ፍራሹን ሊነካ አንድ ስንዝር ቀርቶት ነበር አሉ።

እኔስ? ተባረርኩ ማለት ነው?

ረቡዕ፣ ህዳር 26

አላባረሩኝም። ጉድ እኮ ነው! ልጅቷ የምስጋና ደብዳቤ ጽፋ ጥሪዬ አርአያ ተባለ። ለአስራ ሁለት አዲስ ሠራተኞች ሊያሰሙት ነው ብለው ጠሩኝ፤ ፊት ወንበር ሰጡኝ። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤስ ስል፣ "እሱ ፋይልሽ ውስጥ ይገባል፣ ፊርማሽ ብቻ ነው የቀረው" አለኝ አለቃችን።

ጆሮ ቅጂውን ከፈተው። የልጅቷ ለቅሶ። "ስሚኝ እህቴ" የሚለው ድምፄ። ከዚያ... ወዲያው ቤት ቁጥሩ። ትንፋሹ የለም! ቆርጦታል! "ጫጫታውን አጸዳሁት" አለ፣ ኩራት ኩራት እያለው።

ከአዲሶቹ አንዷ እጇን አወጣች። "ይቅርታ... ልጅቷ በአንድ ቃል እንዴት ተረጋጋች?"

አለቃችን ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ተነሳሁ። ከመሳቢያዬ ይዤው የመጣሁትን ደብዳቤ ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ ሳልፈርም፣ ጆሮ ፊት አስቀመጥኩት።

"የተቆረጠው እዚህ ላይ ተጽፏል" አልኩ። "በምሬት መተንፈስ ይላል። አንብብላቸው።"

ደብዳቤውን ገልብጦ አስቀመጠው። አለቃችን "በቃ፣ ተቀመጪ" አለኝ። አልተቀመጥኩም። ወደ አዲሶቹ ዞርኩ። "ትከሻችሁን ጣሉት። በአፍንጫ፣ በአራት አስገቡ።" መጀመሪያ ያቺ ጠያቂዋ፣ ከዚያ አጠገቧ ያለው፣ ከዚያ አስራ ሁለቱም። በስድስት ሲያስወጡት ክፍሉ ሙሉ ተሰማ።

ነገ ወንበሬ ላይ ልኑር አልኑር አላውቅም። ጆሮ ግን እስቲ ይሄንን ይቁረጠው።